መንትያ መስለው የሚያሳስቱ የእንግሊዝኛ ቃላት

አንድ ሰው ገንዘብ ይቸግረውና ወደ እንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባው ቀርቦ «አበድረኝ» ለማለት ሲፈልግ «ቦሮው ሚ» ቢለው፥ እንግሊዛዊው የሚሰማው «እኔን ራሴን ተዋሰኝ» የሚል ቃል ነው። እንደ መጽሐፍ ወይም እንደ ጃንጥላ ይዘኸኝ ሂድና ሲበቃህ መልሰኝ እንደ ማለት ነው። ሰውዬው ሊለው የሚገባው «ሌንድ ሚ» ነበር። ባልደረባው ቢስቅ አይፈረድበትም።

ነገሩ በሳቅ ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ስለ እርሱ ይህን ያህል መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን እንግሊዝኛ በዛሬው ጊዜ ከትምህርት ቤት ግቢ ወጥቶ ኑሮአችን ውስጥ ገብቷል። በአገራችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ልጆቻችን መጽሐፋቸውን የሚያነቡት በእርሱ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት የሚከራዩት፥ ሐኪም የሚያነጋግሩት፥ ውል የሚፈርሙት በእርሱ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ የአንድ ቃል ስሕተት ከሳቅ አልፎ ወደ ኪሣራ፥ አንዳንድ ጊዜም ወደ አደጋ ያደርሳል።

ውድ አንባቢ፥ በእንግሊዝኛ ቃል በመሳሳትዎ አይፈሩ፤ ስንፍናም አይምሰልዎ። ስሕተቱ እንዲያው በዘፈቀደ የሚመጣ አይደለም፤ የሚገባበት የታወቀ በር አለው። በሩን ያወቀ ሰው ሌባውን ከደጃፉ ላይ ይይዘዋል። እኛም ከዚህ ቀጥለን በሮቹን አንድ በአንድ እንመለከታለን።

የመጀመሪያው በር፤ የገዛ አማርኛችን

ብዙውን ጊዜ የሚያሳስተን እንግሊዝኛ አለማወቃችን ሳይሆን አማርኛ ማወቃችን ነው። አማርኛ የአንድን ነገር ሁለት ወገን በቃሉ መነሻ ይለያል። ተቀባዩ «ተበደረ»፥ ሰጪው «አበደረ» ይባላል። ተማሪው «ተማረ»፥ መምህሩ «አስተማረ» እንላለን። ግንዱ አንድ ነው፤ የሚለወጠው ራሱ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ ወገን ፈጽሞ የማይዛመዱ ቃላት ይሰጣል። ለተበደረ «ቦሮው»፥ ላበደረ «ሌንድ»፤ ለተማረ «ለርን»፥ ላስተማረ «ቲች» ይላል። ስለዚህ በልብዎ የሚያስቡት የአማርኛ ግሥ «ተበደርሁ፥ ተዋስሁ» ከሆነ «ቦሮው»፥ «አበደርሁ፥ አዋስሁ» ከሆነ «ሌንድ» ይበሉ። በነገራችን ላይ አማርኛ በዚህ ነገር ከእንግሊዝኛ ይልቅ የጠራ ነው፤ ወጪ ሆኖ በምትኩ የሚከፈለውን ገንዘብና እህል «ብድር»፥ ራሱ የሚመለሰውን ዕቃ «ውሰት» ብሎ ይለያል። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት አያውቀውም።

የቤት ኪራይ ላይ ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እኛ «ተከራየሁ» እና «አከራየሁ» ብለን በግልጽ ስንናገር፥ እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ሬንት» የሚለውን አንዱን ቃል ይሰጣል። አንድ ሰው «ቤት ሬንት አድርጌአለሁ» ቢል ባለቤት ይሁን እንግዳ ከቃሉ አይታወቅም። ስለዚህ ጥንቁቅ ተናጋሪ «ከእገሌ» ወይም «ለእገሌ» የሚል ይጨምርበታል።

የውል ጽሑፍ ይህን ድንግዝግዝ ለማጥፋት በቃሉ መጨረሻ ላይ ምልክት ያደርጋል። «ሌሶር» አከራይ ነው፤ «ሌሲ» ተከራይ ነው። «ኤምፕሎየር» አሠሪ ነው፤ «ኤምፕሎዪ» ሠራተኛ ነው። መጨረሻው «ር» የሆነው አድራጊ፥ መጨረሻው «ኢ» ብሎ የሚሳበው ደግሞ የሚደረግለት ወይም ተቀባይ ነው። ይህ ሕግ ቀላል ይመስላል፤ ቤት ለመግዛት ከባንክ የተበደረውን ሰው ግን ግራ ያጋባዋል። በውሉ ላይ «ሞርጌጀር» የሚባለው ማን ነው? ብዙ ሰው ገንዘብ የሚሰጠው ባንኩ ስለሆነ ባንኩ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ቃሉ የሚናገረው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ መያዣው ነው። ቤቱን በመያዣነት የሚሰጠው ተበዳሪው ነውና «ሞርጌጀር» እርሱ ነው፤ መያዣውን የሚቀበለው ባንክ «ሞርጌጂ» ይባላል። ይህን ሳያውቅ የፈረመ ሰው የራሱን ግዴታ የባንኩ፥ የባንኩን መብት የራሱ አድርጎ ሊያነብበው ይችላል።

ሌላም አለ። በአማርኛ «እንዲህ አለኝ» ስንል ግሡ ተናጋሪውንም ሰሚውንም በአንድነት ይዟል። ይህን ቃል በቃል የገለበጠ ተማሪ «ሂ ሴድ ሚ» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩም በቀይ ቀለም ይሰርዝበታል። «ሴይ» የሚለው ግሥ ሰሚውን በቀጥታ አይሸከምም። መድኃኒቱ እነሆ፤ «አለ» ሲሆን «ሴይ»፥ «ነገረ» ሲሆን «ቴል» ይበሉ። «ነገረኝ» ማለት «ሂ ቶልድ ሚ» ነው።

አማርኛችን የሚረዳን ጊዜም ስላለ ሁልጊዜ አንውቀሰው። ብዙ ጀማሪ በምሽት ሰው ሲያገኝ «ጉድ ናይት» ይላል። ይህ እንግዳ ገና ከደጃፍ ሲገባ «ደኅና ይደሩ» ብሎ እንደ ማሰናበት ነው። «እንደምን አመሹ» የሚለው «ጉድ ኢቭኒንግ»፥ «ደኅና ይደሩ» የሚለው «ጉድ ናይት» ነው። ልዩነቱ በራሳችን ቋንቋ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ከዚያ አንሥቶ መጠቀም ብቻ ነው።

ከሐኪም ፊት ሲቀርቡ ደግሞ «እግሬን ያመኛል» የሚለው ቃል አይበቃም። የእኛ «እግር» ከዳሌ እስከ ጥፍር ይደርሳል። እንግሊዝኛ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን «ሌግ»፥ በታች ያለውን «ፉት» ይላል። ጣትም እንዲሁ ነው፤ የእጁ «ፊንገር»፥ የእግሩ «ቶ» ይባላል። በቅጽ ላይ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው «ብራዘር» የሚለው ቃል ነው። እኛ የአጎታችንን ልጅ፥ የአክስታችንን ልጅ፥ አብሮ አደጋችንንም በፍቅር «ወንድሜ» እንላለን። በውጭ አገር የኢሚግሬሽን ቅጽ ላይ ግን «ብራዘር» ከአንድ አባት ወይም ከአንድ እናት የተወለደ፥ አለዚያም በሕግ ወንድምነቱ የታወቀ ነው። የአጎትና የአክስት ልጅ «ከዝን» ነው። በአገራችን መዋደድን የሚገልጸው ቃል በዚያ ወረቀት ላይ የሐሰት ቃል ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

«የለብህም» እና «ይቻላል»

ከመጀመሪያው በር ሳንወጣ አንድ ብርቱ ነገር እንጨምር። አንድ ዘበኛ ከበር ላይ ቆሞ «መግባት የለብህም» ለማለት «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ኢንተር» ቢል፥ እንግዳው አመስግኖ ሊገባ ይችላል። ዘበኛው የተናገረው «መግባት ግዴታህ አይደለም» የሚል ነውና። ለመከልከል «ማስት ኖት» ማለት ነበረበት።

ስሕተቱ ከየት መጣ? የአማርኛው «የለብህም» ቃሉ ሲፈታ «በአንተ ላይ የለም» ማለት ነው፤ ሲነገር ግን ክልከላ ሆኗል። የእንግሊዝኛው «ዶንት ሃቭ ቱ» ደግሞ ሲፈታም ሲነገርም ግዴታ የለም ማለት ብቻ ነው። ሁለቱ መልካቸው አንድ፥ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። አሁን ይህን ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ነገ ጠዋት በማደንዘዣ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት በሽተኛ «ዩ ማስት ኖት ኢት» ቢባል እህል መቅመስ ተከልክሏል። በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ ሆዱ ውስጥ ያለው ምግብ ተመልሶ ወደ ሳንባው ቢገባ ለሕይወቱ ያሰጋልና ትእዛዙ የዋዛ አይደለም። ይህንኑ ትእዛዝ «መብላት ግዴታ አይደለም» ብሎ የተረጎመለት ዘመድ ቁርስ ይዞለት ሊመጣ ነው።

በውልና በደንብ ላይም «ሻል» የሚለው ቃል ግዴታን፥ «ሜይ» የሚለው ፈቃድን ያመለክታል። «ሜይ ኖት» ግን ሁለት ፊት አለው፤ በጨዋታ መካከል «ላይሆን ይችላል» ማለት ሲሆን፥ በደንብ ላይ ሲጻፍ «አይፈቀድም» ማለት ነው።

በፈቃድና በግዴታ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። እንግሊዝኛ ባይሆንም፥ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ ምስክር ነው። የአማርኛው ጽሑፍ ዐፄ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መገልገል «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያ መንግሥት ግን የራሱን ጽሑፍ እንደ ግዴታ አድርጎ ተረጎመውና ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብሎ ለዓለም አስታወቀ። ጠቡን ያመጣው ቃሉ ብቻ ነው አይባልም፤ የገዢነት ምኞት ነበረበት። ቢሆንም ምኞቱ መሸሸጊያ ያገኘው በዚያች አንዲት ግሥ ውስጥ ነው፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተፈረደ።

ሁለተኛው በር፤ የሚመሳሰል ድምፅና የሚመሳሰል ፊደል

በእንግሊዝኛ «እኖራለሁ» የሚለውና «ትቼ እሄዳለሁ» የሚለው በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሊቭ» ይሆናሉ። ለእንግሊዛዊው ጆሮ ግን የመጀመሪያው አጠር፥ ሁለተኛው ረዘም ብሎ ይሰማል። መርከብና በግ የሚለዩትም በዚሁ ነው፤ መርከቡ አጭር «ሺፕ»፥ በጉ ረጅም «ሺፕ» ነው። አማርኛችን በእነዚህ በሁለቱ ድምፆች ቃል ከቃል ስለማይለይ ጆሮአችን አልለመዳቸውም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ረጅሙን ሲናገሩ ከንፈርዎን እንደ ፈገግታ ሳብ ያድርጉና ድምፁን ያቆዩት፤ አጭሩን ቶሎ ቁረጡት ይላሉ መምህራን።

ድምፃቸው አንድ ሆኖ በፊደል ብቻ የሚለዩም አሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ የሚሸጥበት «ስቴሽነሪ» በመጨረሻው ላይ ኢ የምትባለውን ፊደል ይይዛል። በዚያችው ቦታ ኤ ከተጻፈ «የማይንቀሳቀስ» ማለት ይሆናል። በከተማችን አንዳንድ ሱቅ በር ላይ ያለው ሰሌዳ በኤ ተጽፎ ይታያል፤ ባለሱቁ ሳያውቀው «የማይንቀሳቀስ» ብሎ መለጠፉ ነው። የሚገርመው ግን የሁለቱ ቃላት አባት አንድ መሆኑ ነው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ነጋዴው ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ ሲዞር፥ በዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ መጻሕፍት የሚሸጠው ግን ቋሚ ቦታ ስለነበረው «ባለ ቋሚ ቦታ» የሚል ስም ወጣለት። የጽሕፈት መሣሪያም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ባለሱቃችን የተሳሳተው እንግዲህ ጥቂት መቶ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ነው ማለት ይቻላል!

«ፕሪንሲፓል» የሚለውም እንዲሁ ነው። መጨረሻው ፒ፥ ኤ፥ ኤል ሲሆን ዋና ማለት ነው፤ የትምህርት ቤት ዳይሬክተርም፥ በብድር ውል ላይ ወለዱ የሚታሰብበት ዋናው ገንዘብም በዚህ ይጠራል። መጨረሻው ፒ፥ ኤል፥ ኢ ሲሆን ግን መሠረተ ሐሳብ ወይም የሕይወት መመሪያ ነው። ወለድ ራሱ «ኢንተረስት» ይባላል፤ ይኸው ቃል ፍላጎትም፥ ጥቅምም ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ «አንኢንተረስትድ» እና «ዲስኢንተረስትድ» ይምታታሉ። የመጀመሪያው ነገሩ የማይገደው፥ ሁለተኛው በነገሩ ውስጥ የግል ጥቅም የሌለው ነው። ለዳኛ ሁለተኛው ምስጋና ነው፤ የመጀመሪያው ስድብ ነው።

ከመሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ «ኤሊጂብል» ካለዎ ደስ ይበልዎ፤ ለጠየቁት ነገር ብቁ ነዎት። «ኢሌጂብል» ካለ ግን ጽሕፈትዎ አልተነበበም፤ ተመልሰው በጥሩ እጅ ጽሑፍ ይጻፉ። «ሪዛይን» ያለ ሠራተኛ ሥራውን ለቀቀ፤ በመካከሉ ሠረዝ ገብቶ «ሪ-ሳይን» ያለ ግን ውሉን እንደገና ፈረመ። አንዲት ትንሽ ሠረዝ የሰውን እንጀራ ትወስናለች። ከአገር የሚወጣው «ኤሚግሬት»፥ ወደ ሌላ አገር የሚገባው «ኢሚግሬት» አደረገ ይባላል። ይህን ለማስታወስ በየንግድ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የምናነበው «ኢምፖርት ኤክስፖርት» ይበቃል፤ በ«ኢም» የሚጀምረው ገቢ፥ በ«ኤ» የሚጀምረው ወጪ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ግን «ሃይፐር» እና «ሃይፖ» ነው። ሁለቱም ከግሪክ የመጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው «በላይ»፥ ሁለተኛው «በታች» ማለት ነው። የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው «ሃይፐርቴንሽን»፥ ዝቅ ያለው «ሃይፖቴንሽን» አለበት ይባላል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩ በጣም ሲወርድ ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ራሱንም ሊስት ይችላል። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ይሰጠዋል። ስኳሩ ከመጠን በላይ ለወጣ ሰው ግን ጣፋጭ መስጠት በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። እንግዲህ በሁለቱ በሽተኞች መካከል ያለችው የጥቂት ፊደላት ልዩነት ናት። እንዳይረሱት «ሃይፐር» ከ«ሱፐር» ጋር ቤት እንደሚመታ ያስቡ። በጥንት ትውልዳቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም «በላይ» ማለት ነውና።

ሦስተኛው በር፤ ቤተኛ የሆነው እንግዳ

ከፈረንጅ ቋንቋ ወደ አማርኛ ገብተው የከረሙ ቃላት ደግሞ በጣም ያታልላሉ፤ የምናውቃቸው ስለሚመስለን ነው። «ፋብሪካ» ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። እንግሊዛዊው «ፋብሪክ» ሲል ግን ጨርቅ ማለቱ ነው፤ ፋብሪካውን «ፋክተሪ» ይለዋል። «ፔንሲዮን» በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ሲነበብ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ፔንሽን» ጡረታ ነው። አንድ ጡረተኛ ለእንግሊዛዊ «የምኖረው በፔንሽን ነው» ቢለው፥ እንግሊዛዊው ስለ ገቢው እንጂ ስለ መኝታ ቤቱ እንደነገረው ይቆጥረዋል።

«መጋዘን» የሚለው ቃላችንና እንግሊዞች ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የሚሰጡት «ማጋዚን» የሚለው ስም ወንድማማቾች መሆናቸውን ስንት ሰው ያውቃል? የሁለቱም ምንጭ ዕቃ የሚከማችበትን ቤት የሚያመለክተው የዐረብኛ ቃል ነው። እንግሊዞች በመጀመሪያ የባሩድና የጦር ዕቃ ግምጃ ቤትን እንዲህ ብለው ጠሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1731 ኤድዋርድ ኬቭ የተባለው የሎንዶን አሳታሚ «ዘ ጀንትልማንስ ማጋዚን» የተባለውን ሲያወጣ፥ የልዩ ልዩ ጽሑፍ ማከማቻ ለማለት ስሙን ለኅትመት አዋለው። የእኛ «መጽሔት» ደግሞ በግዕዝ መስተዋት ማለት ነው። እነርሱ ያከማቹበታል፤ እኛ እንታይበታለን።

እስካሁን ያየናቸው ቢያሳስቱ ያሳፍራሉ እንጂ አያቃጥሉም። የነዳጅ ስሞች ግን ያቃጥላሉ። በአገራችን «ጋዝ» ወይም «ነጭ ጋዝ» ሲባል ለፋኖስና ለምድጃ የሚሆነው ላምባ ነው። አሜሪካን አገር «ጋዝ» ያሉ እንደሆነ የሚቀዳልዎ መኪና የሚነዳበት ቤንዚን ነው። ላምባውን አሜሪካኖች «ኬሮሲን» ይሉታል። እንግሊዞች ደግሞ ላምባውን «ፓራፊን»፥ ቤንዚኑን «ፔትሮል» ይላሉ፤ «ጋዝ» ለእነርሱ በቧንቧ መጥቶ ምድጃ የሚያነድደው እንደ አየር ያለው ነው። አሜሪካን አገር «ፓራፊን» ብለው ቢጠይቁ ሻማ የሚሠራበት ሰም ሊያቀርቡልዎ ይችላሉ። «ቤንዚን» ብለው ቢጠይቁም ሰሚው «ቤንዚን» ከተባለውና የካንሰር በሽታ ከሚያመጣው የኬሚካል ቅመም ጋር ያምታታብዎታል። የእኛ «ናፍጣ» ለከባድ መኪና የሚሆነው ዲዝል ሲሆን፥ የእንግሊዝኛው «ናፍታ» ግን ቶሎ የሚተንና ቶሎ የሚቀጣጠል ቀላል ፈሳሽ ነው።

ይህ የስም ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ። የላምባ ተን በብልጭታ የሚያያዘው ፈሳሹ ቢያንስ ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው። የቤንዚን ተን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድም ቢሆን ይያያዛል። ስለዚህ በላምባ ምድጃ ውስጥ «ጋዝ» ብሎ ቤንዚን የጨመረ ሰው ምድጃ ሳይሆን ቤት ለኮሰ ማለት ነው። ስሙን ከመጠየቅ ይልቅ ለምን ሥራ እንደሚፈልጉት መናገር ከሁሉ ይሻላል።

ባለቤቶቹም ይሳሳታሉ

ይህን ሁሉ ስናነብ እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ሰዎች አይሳሳቱም ብለን እንዳናስብ። በነዳጅ ቦቴ ላይ «ኢንፍላመብል» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ብዙ ጊዜ በቃል መጀመሪያ ላይ የሚገባው «ኢን» አፍራሽ ስለሆነ፥ አንባቢው «የማይቀጣጠል» ማለት ሊመስለው ይችላል። ትርጉሙ ግን «በቶሎ የሚቀጣጠል» ነው፤ እዚህ ላይ ያለው «ኢን» አፍራሽ ሳይሆን ማቀጣጠልን ከሚያመለክተው የላቲን ግሥ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ይህ ያሰጋቸው የአሜሪካ የእሳት አደጋ መከላከያ ማኅበር ሰዎች በ1920ዎቹ ዓመታት «ኢን» የሚለውን ቆርጠው «ፍላመብል» የሚለውን ቃል እንዲለመድ አደረጉ። በሁለቱም አጻጻፍ ቢያዩት እሳት ያርቁ። የማይቀጣጠለው «ኖንፍላመብል» የሚባለው ብቻ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የእንግሊዝና የአሜሪካ የጦር ሹማምንት በአንድ ስብሰባ ላይ «ቴብል» በሚለው ቃል ምክንያት መከራከራቸውን ዊንስተን ቸርችል ስለ ጦርነቱ በጻፉት መጽሐፍ ተርከዋል። በእንግሊዝ አገር አንድን ጉዳይ «ቴብል» ማድረግ ለውይይት ማቅረብ ነው፤ በአሜሪካ ግን ወደ ጎን ማቆየት ነው። ሁለቱም ወገን የሚሹት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ በብርቱ ተጨቃጨቁ።

በቁጥርም ተሳስተዋል። ለእንግሊዞች በቀድሞው ጊዜ «ቢሊዮን» ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነበር፤ ለአሜሪካኖች ግን ሺህ ሚሊዮን ነው። በ1974 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን መንግሥታቸው ከእንግዲህ ቃሉን የሚጠቀምበት በአሜሪካኖቹ ትርጉም መሆኑን አስታወቁ። ስለዚህ ከዚያ በፊት በሎንዶን የታተመ መጽሐፍ ሲያነቡ ቢሊዮኑ አሁን ከምናውቀው ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ሊሆን እንደሚችል ያስታውሱ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው። አንድን ቃል ለብቻው አይማሩት፤ ከሚምታታበት ጓደኛው ጋር አብረው ይማሩት። በደብተርዎ ላይ በአንድ መስመር ግራና ቀኝ ይጻፏቸውና በእያንዳንዱ ሥር ከራስዎ ኑሮ የተወሰደ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምሩበት። «ከባንክ ተበደርሁ፤ ለጎረቤቴ አበደርሁ» ብለው በእንግሊዝኛ የጻፉ እንደሆነ ቦሮውና ሌንድ ከእንግዲህ አይጣሉብዎትም።

ሁለተኛው፥ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በር ይከፍትልዎታል እንጂ ቤቱን ሁሉ አያሳይዎትም። በአማርኛ አንድ ቃል የተሰጣቸውን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ባገኙ ጊዜ፥ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ገልጠው በዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚውሉ ይመልከቱ።

ሦስተኛውና ዋነኛው፥ ነገሩ ውል፥ መድኃኒት ወይም ነዳጅ ከሆነ በግምት አይለፉት። የሰሙትን በራስዎ ቃል መልሰው ይናገሩና «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መብላት ተከለከልሁ ወይስ ግዴታዬ አይደለም? ቤቱን በመያዣ የምሰጠው እኔ ነኝ ወይስ ባንኩ? እንዲህ ብሎ መጠየቅ አላዋቂነት አይደለም፤ የሚያሳፍረው ሳይጠይቁ መፈረም ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ያለ ነገር አልተናገሩም።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፥ ነገ ከእንግሊዛዊ ባልደረባዎ ዘንድ ገንዘብ ቢያስፈልግዎ «ሌንድ ሚ» ይበሉ። ቃልዎ ይስተካከላል፤ አነጋገርዎም ያስከብርዎታል። ገንዘቡን ለማግኘትዎ ግን የእንግሊዝኛ ዕውቀት ዋስ አይሆንም።